ለመታጠቢያ ቤት ካቢኔት የሚሆን ቦርድ አመራረጥ፦ ከቺፑድ እስከ ፒቪሲ

የመታጠቢያ ቤት ካቢኔት ብዙውን ጊዜ መበላሸት የሚጀምረው ከሥር ነው። የጎን ቦርዱ ወለሉን የሚነካበት ጫፍ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ቀጥሎም መዝጊያው አልገጥም ይላል። ፊቱን ካዩት ግን ገና አዲስ ይመስላል፤ ሜላሚን ወይም ፎርማይካ የለበሰ ፊት ውሃ ቢረጭበት በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃልና። ውሃ የሚገባው በተቆረጠ ጠርዝ፣ በቧንቧ ቀዳዳና በብሎን መግቢያ ነው። ስለዚህ ቦርድ ሲመርጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውስጡ ሲረጥብ ምን ይሆናል? ጠርዙስ በምን ይዘጋል?

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከእጅ መታጠቢያ ሥር ለሚገባ ባለ ሁለት መዝጊያ ካቢኔት የተሰላ ነው። ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 60፣ ጥልቀቱ መዝጊያው ሳይቆጠር 45 ሴንቲ ሜትር ነው። የእርስዎ መጠን ቢለይም አመራረጡ አይለወጥም።

1. ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁሉም ቦታ እኩል አይረጥብም። ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀል የመስታወት ካቢኔት የሚያገኘው እንፋሎት ብቻ ነው። ከእጅ መታጠቢያ ሥር የሚገባው ግን ከላይ በቧንቧው ዙሪያ ይንጠባጠብበታል፣ ከውስጥ የሲፎኑ (ከመታጠቢያው ሥር ያለው የታጠፈ የፍሳሽ ቧንቧ) መገጣጠሚያ ያፈስበታል፣ ከታች ወለል ሲታጠብ ይረጭበታል። ሻወሩ በመጋረጃ ብቻ የተከለለ ከሆነና ከካቢኔቱ ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ካነሰ፣ የጎን ቦርዱም በቀጥታ ይመታል።

ክፍሉ አየር ማውጣት አለማውጣቱንም ይፈትሹ። ገላ ከታጠቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስታወቱ አሁንም ጉም ከለበሰ፣ ቦርዱ በየቀኑ ረዥም ሰዓት እርጥብ አየር ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ተራ ቺፑድና ተራ ኤምዲኤፍን ከምርጫው ያውጡ።

ቦርድ ከመግዛትዎ በፊት ካቢኔቱ ይሰቀል ወይስ ይቁም የሚለውንም ይወስኑ። ከወለሉ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት ከታች የሚመጣውን ውሃ ሙሉ በሙሉ ያመልጣል። ግድግዳው ክብደት የማይችል ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የፕላስቲክ እግር ያድርጉለት። የጎን ቦርዱን ወለል ላይ ማሳረፍ ግን የትኛውንም ከእንጨት የተሠራ ቦርድ ያስበላል፤ በጣም ውዱንም ጭምር።

2. እያንዳንዱ ቦርድ ሲረጥብ የሚሆነውን ይወቁ

ቺፑድ። የእንጨት ፍቅፋቂና ሙጫ በሙቀት ተጨምቀው የሚሠሩት ቦርድ ነው። ፍቅፋቂው በግድ ተጨፍልቆ የተቀመጠ ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይዘረጋል፣ የያዘውም ሙጫ ይለቃል። ከደረቀ በኋላ ወደ ልኩ አይመለስም። ያበጠ ጠርዝ ላይ ጣትዎን ቢጫኑ ፍርፋሪው እንደ ደረቀ ዳቦ ይረግፋል፤ እዚያ የታሰረ ብሎንም ከነፍርፋሪው ተነቅሎ ይወጣል። በአውሮፓው የኢኤን 312 ደረጃ ፒ2 የተባለው ለደረቅ ክፍል የቤት ዕቃ ነው። ለእርጥበት የተዘጋጁት ፒ3 እና ፒ5 ሲሆኑ ፒ5 ጭነትም ይሸከማል። ለመታጠቢያ ቤት ከፒ3 በታች አይውረዱ። እሱም ቢሆን እርጥብ አየርን ይቋቋማል እንጂ የተኛ ውሃን አይቋቋምም።

ኤምዲኤፍ። እንጨቱ እስከ ጭረት ድረስ ደቅቆ የተጨመቀ ስለሆነ ፊቱ እንደ ወረቀት ለስላሳ ነው፤ ለቀለም ከሁሉም ይመቻል። ድክመቱ ጠርዙ ነው። ከሁለቱ ፊቶች ይልቅ የተቆረጠው ጎን የላላ ስለሆነ ቀለምም ውሃም ይመጥጣል። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሉህ 40 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ብቻዎን ለማንሳት አይሞክሩ። እርጥበት የሚቋቋመው ዓይነት ብዙ ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ለመለያ የገባ ቀለም ብቻ ነው፤ የሚከላከለው ሙጫው ነው። አንዳንድ አምራቾች ቀለም ሳይጨምሩ ጥሩ ቦርድ ይሠራሉ፤ አረንጓዴ ሆኖም ደካማ የሆነ አይጠፋም። ስለዚህ ቀለሙን አይተው ከመግዛት ማኅተሙን ማንበብ ይሻላል።

ኮምፔንሳቶ። ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ በመስቀለኛ ተጣብቀው ይሠራሉ። ሲረጥብ በውፍረት ብዙም አያብጥም፣ ከደረቀም በኋላ ጥንካሬው አብሮት ይቆያል፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል። ለካቢኔቱ ሣጥን የእኛ የመጀመሪያ ምርጫ ይኸው ነው። ነገር ግን ጥሩነቱ በሙጫው ይወሰናል። ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ በተባለው ሙጫ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ ሙቀትና እርጥበት ሲደራረቡበት ንጣፎቹ ይለያያሉ። ፊኖል ፎርማልዴሃይድ ያለበት ግን ፈላ ውሃንም ይችላል፤ ከጎን ሲታይ በንጣፎቹ መካከል ጥቁር ቡናማ መስመር አለው።

ፒቪሲ ፎም ቦርድ። ውሃ አይመጥጥም፣ አያብጥም፣ አይበሰብስም። ይህን የሰማ ሰው ሁሉን ነገር ከእሱ ልሥራ ቢል አይፈረድበትም፤ ሆኖም ሦስት ችግሮች አሉት። ብሎን የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ትኩስ የፀጉር ማድረቂያ ላዩ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። በሙቀት የሚረዝመውም ከእንጨት በጣም በበለጠ መጠን ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ መዝጊያ በ20 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሊረዝም ይችላል። ዕቃ የሚጫንበት ረዥም መደርደሪያ ከሱ ከተሠራ እየጎበጠ ይሄዳል። ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ መደርደሪያ ከሥሩ የአሉሚኒየም ማዕዘን ያስፈልገዋል።

ደረቅ ጣውላ ለሚወድ ሰው፦ ጠንካራና ቅባታማ እንጨት፣ ለምሳሌ ቲክ፣ ውሃ ይችላል። ነገር ግን ጣውላ በእርጥበት ወደ ጎን ይሰፋል፣ ይጠባል። 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጎን ቦርድ በዝናብና በበጋ መካከል 4 ሚሊ ያህል ሊንቀሳቀስ ስለሚችል፣ መገጣጠሚያው ይህን ታስቦ ካልተሠራ ይሰነጠቃል። ለጀማሪ አይመከርም።

3. ሲገዙ ጽሑፉንና ጎኑን ይመልከቱ

ሉህ ላይ ወይም በማሸጊያው ላይ የታተመውን ያንብቡ። ቺፑድ ከሆነ ፒ3 ወይም ፒ5፣ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ኢኤን 636-2 ወይም 636-3 የሚል ይፈልጉ። ሁለተኛው ከቤት ውጭ ጭምር የሚሆን ነው። የህንድ ምርት ከሆነ ቢደብሊውአር የሚለው ለእርጥብ ቦታ ነው፤ አይኤስ 710 የሚለው ደግሞ የመርከብ ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኤምዲኤፍና በቺፑድ ላይ «ኤምአር» የሚል ጽሑፍ እርጥበት የሚቋቋመውን የተሻለ ዓይነት ያመለክታል። በህንዱ የኮምፔንሳቶ ደረጃ ግን ኤምአር ዝቅተኛው፣ ለደረቅ ክፍል የተመደበው ነው። ፊደሉን ብቻ አይተው ኮምፔንሳቶ ከገዙ ያልፈለጉትን ይዘው ይመለሳሉ።

ከዚያ ጎኑን ይመርምሩ። ኮምፔንሳቶ ላይ ንጣፎቹን ይቁጠሩ፤ በአንድ ውፍረት ውስጥ ንጣፉ በበዛ መጠን ቦርዱ ይረጋጋል። ጥሩ የበርች ኮምፔንሳቶ በ18 ሚሊ ውስጥ 13 ንጣፍ አለው። በመካከል ጣት ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካዩ ይተዉት፤ ብሎን እዚያ ቢገባ ባዶ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ቺፑድ ከሆነ ጎኑን በጥፍርዎ ይቧጩት፣ በቀላሉ የሚረግፍ ከሆነ አይግዙ። ሉሁ በቁመቱ ተቀምጦ የነበረ ከሆነ የታችኛውን ጠርዝና የጎን ጠርዙን መካከል ውፍረት በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ያወዳድሩ። የግማሽ ሚሊ ልዩነት ካለ መጋዘን ውስጥ ውሃ ጠጥቷል።

ከሙጫው የሚወጣው የፎርማልዴሃይድ ጋዝ ልቀትም ኢ1 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። መታጠቢያ ቤት ጠባብና ሞቃት ስለሆነ ሽታው ከሌላ ክፍል ይልቅ ይሰማል።

4. ከመቁረጥዎ በፊት ቁራጭ ይፈትኑ

ማኅተም የሌለው ቦርድ ከገጠመዎት፣ ወይም የሻጩ ቃል ካላረካዎት፣ ፈተናው ቀላል ነው። ከሉሁ ቁርጥራጭ ላይ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይውሰዱ። አንዱን እንዳለ ይተዉት። የሁለተኛውን አራት ጠርዞች ካቢኔቱን ሊዘጉበት ባሰቡት መንገድ፣ በቫርኒሽም ይሁን በኤጅ ባንድ (ጠርዝ ላይ በሚለጠፍ ስስ ጥብጣብ)፣ ይዝጉና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የሁለቱንም ውፍረት ጠርዝ ላይ በካሊፐር ለክተው ይመዝግቡ። ከዚያ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከሯቸው፤ እንዳይንሳፈፉ ድንጋይ ይጫኑባቸው።

ሲያወጡ እንደገና ይለኩ። 18 ሚሊ የነበረው 19.8 ከሆነ 10 በመቶ አብጧል። ያልተዘጋው ቁራጭ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ቦርዱ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከ10 እስከ 15 ከሆነ ከፍ ብሎ ለሚሰቀል ካቢኔት ወይም ለመዝጊያ ይሆናል። ከ15 በላይ ካበጠ ለመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ያውሉት። የተዘጋው ቁራጭ ደግሞ የሚነግርዎት ስለ ሥራዎ ነው፦ እሱም ካበጠ ችግሩ ከቦርዱ ይልቅ ከአዘጋግዎ ነው፤ ካቢኔቱ ላይ ከመድገምዎ በፊት ዘዴውን ይለውጡ።

ለኮምፔንሳቶ የሚሆነው መቀቀል ነው። ትንሽ ቁራጭ ምግብ በማይሠራበት ማሰሮ ለ4 ሰዓት ያህል ይቀቅሉ። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ሙጫው የደረቅ ክፍል ነው። ሳይላቀቁ ከወጡ ሲደርቁ በቢላ ጫፍ ለመለያየት ይሞክሩ፤ እንጨቱ ተሰንጥቆ ሙጫው ከያዘ ደህና ነው።

5. ሁሉን ከአንድ ቦርድ አይሥሩ

የካቢኔቱ ክፍሎች የሚያገኛቸው ውሃም ሸክምም ስለሚለያይ ቦርዱም ቢለያይ ይሻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ለሣጥኑ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ለመዝጊያው እርጥበት የሚቋቋም ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ የሚለው ጥምረት ለአብዛኛው ቤት ይስማማል። የሚያስፈልጉት ቁራጮች በሚሊ ሜትር እነዚህ ናቸው፦

- ጎን፦ 2 ቁራጭ፣ 600 በ450
- ወለል፦ 1 ቁራጭ፣ 564 በ450 (600 ሲቀነስ የሁለቱ ጎኖች 36)
- ማሰሪያ፦ 3 ቁራጭ፣ 564 በ100፤ አንዱ ከላይ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ላይና ታች
- መደርደሪያ፦ 1 ቁራጭ፣ 562 በ400
- መዝጊያ፦ 2 ቁራጭ፣ 297 በ596

ሁሉንም ከአንድ ዓይነት ቦርድ ቢሠሩ 1.54 ካሬ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሉህ ደግሞ 1.49 ስለሆነ ለጥቂት ሲባል ሙሉ ሉህ ይገዛሉ። የሣጥኑ ቁራጮች ብቻ ግን 1220 በ1220 በሆነ ግማሽ ሉህ ላይ ይበቃሉ፦ በመጀመሪያው ረድፍ ሁለቱ ጎኖች፣ በሁለተኛው ወለሉና መደርደሪያው፣ ከዚያ ማሰሪያዎቹ። ለመጋዙ በየቁርጡ 3 ሚሊ ይተዉ። የእንጨቱ ጭረት በሁሉም ቁራጭ ላይ ወደ ረዥሙ ጎን እንዲሄድ አድርገው ይደርድሩ።

ከላይ የሚቀመጠው ገበታ የድንጋይ ወይም የሸክላ ካልሆነ ከኮምፔንሳቶ ላይ ፎርማይካ ለጥፈው ይሥሩት። ፎርማይካ በአንድ ፊት ብቻ ከተለጠፈ ቦርዱን ይጎትተውና ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ ከሥሩም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ይለጥፉ።

ጀርባውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። ቧንቧዎቹ እዚያ ስለሚያልፉና አየር ስለሚፈልግ ሁለቱ ማሰሪያዎች ይበቃሉ። ከቁም ሣጥን ጀርባ የምናውቀው ስስ የተጨመቀ ቦርድ እዚህ በመጀመሪያው ዓመት ይጨማደዳል።

ገንዘብ ከጠበበ ሣጥኑን ሜላሚን ከለበሰ ፒ3 ቺፑድ ሠርተው ወለሉንና የኋላ ማሰሪያዎቹን ብቻ ከኮምፔንሳቶ ያድርጉ። ሻወር የሚረጭበት ከሆነ ደግሞ ጎኑና መዝጊያው ፒቪሲ ይሁን፤ የመዝጊያው ቁመት ግን ከ60 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፣ በመዝጊያዎቹ መካከልም ከ2 ይልቅ 3 ሚሊ ክፍተት ይተዉ።

6. ጠርዙን ይዝጉ፤ የማይታየውንም

የሚታየው የፊት ጠርዝ ብቻ ተዘግቶ ከሥርና ከኋላ ጥሬው የቀረ ካቢኔት ብዙ ነው። ውሃው ግን የሚመጣው ከሥርና ከኋላ ነው። ሙሉው ካቢኔት ሜላሚን ቦርድ ከሆነ የጠርዙ ጠቅላላ ርዝመት 14 ሜትር ገደማ ስለሚሆን 16 ሜትር ኤጅ ባንድ ይግዙ። ለመዝጊያና ለታችኛው ጠርዝ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ፒቪሲ፣ ለሌላው የ0.4 ሚሊ ይበቃል። የባንዱን ውፍረት ከቁራጩ መቀነስ አይርሱ፦ 297 መሆን ያለበት መዝጊያ በሁለቱም ጎን 2 ሚሊ ባንድ ከለበሰ የሚቆረጠው 293 ነው።

ሙጫ የተቀባውን ስስ ባንድ በካውያ ሲለጥፉ እንፋሎቱን ይዝጉ፣ ሙቀቱን መካከለኛ ያድርጉ፣ ካውያው ባለፈበት ሁሉ በእንጨት ቁራጭ እስኪበርድ ይጫኑ። ሳይበርድ የተለቀቀ ባንድ ጫፉ በሳምንት ውስጥ ይነሳል። ይህ ሙጫ በሙቀት የሚቀልጥ ስለሆነ ከሻወር አጠገብ አይታመንም። እዚያ ላሉ ጠርዞች በማስቲሽ ይለጥፉ፦ ባንዱንም ቦርዱንም ቀብተው ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ይጠብቁና አጥብቀው ይጫኑ። በማሽን የሚለጥፍ ወርክሾፕ ካለ ደግሞ የፖሊዩሬቴን ሙጫ እንዲጠቀም ይጠይቁ።

ቀለም ለሚቀባ ኤምዲኤፍና ለኮምፔንሳቶ፦ ጠርዙን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። የመጀመሪያውን የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ በማቅጠኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ አቅጥነው ይቀቡ፤ ቀጭኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ሲደርቅ በ240 ቁጥር አሻሽተው ሁለት ጊዜ ሳይቀጥን ይድገሙ። በውሃ የሚቀጥን ቀለም በቀጥታ ኤምዲኤፍ ጠርዝ ላይ ከዋለ ጭረቱን አቁሞ ሻካራ ያደርገዋል፤ ሥር ከያዘ ቫርኒሽ በላይ ግን ችግር የለውም።

ለቧንቧና ለሲፎን የተበሱ ቀዳዳዎች ውስጣቸውም ጠርዝ ነው። ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡ። ቧንቧው ካለፈ በኋላ የቀረውን ክፍተት ሻጋታ በሚከላከል የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ይሙሉ።

ኤምዲኤፍ ሲቆርጡና ሲያሹ አቧራው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከቤት ውጭ፣ ጥሩ ማስክ አድርገው ይሥሩ።

7. ብሎንና ማጠፊያ

ለ18 ሚሊ ቦርድ 4 በ50 ሚሊ ብሎን ይሆናል። በ3 ሚሊ መሰርሰሪያ አስቀድመው ይብሱ፤ ኤምዲኤፍ ጎኑ ላይ ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ለሁለት ይከፈላል። ከማዕዘኑም ቢያንስ 25 ሚሊ ይራቁ። ብሎኑ አይዝጌ ብረት ይሁን። ተራው ዝጎ በነጭ ቦርድ ላይ ቡናማ እንባ ያወርዳል፣ ዝገቱም ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ሲያስገቡ የብሎኑን ጫፍ ቫርኒሽ ወይም ውሃ የሚቋቋም የእንጨት ኮላ ያስነኩት።

የካቢኔት ማጠፊያ 35 ሚሊ ስፋትና 12 ሚሊ ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይፈልጋል። ስለዚህ መዝጊያው ከ16 ሚሊ ካነሰ መሰርሰሪያው በፊቱ በኩል ይወጣል ወይም ጉብታ ያሳያል። ጉድጓዱን ማጠፊያው ከመግባቱ በፊት ቫርኒሽ ይቀቡት። በፒቪሲ መዝጊያ ላይ በብሎን ብቻ አይተማመኑ፤ ከፊት በኩል የሚያልፍ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ብሎን ከኋላ በዳዶ ማሰር ይሻላል። መልኩ ትንሽ ይበላሻል፣ መዝጊያው ግን አይወድቅም።

8. መስቀልና መፈተሽ

ይህ ካቢኔት ከነመዝጊያው ባዶውን 18 ኪሎ ያህል ነው። ውስጡ የሚገባው ዕቃና የሸክላ መታጠቢያው ሲጨመር 40 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል ሸክላውን ለብቻው ከግድግዳው ጋር ማሰር ይመረጣል። ካቢኔቱን በሁለቱ የኋላ ማሰሪያዎች በኩል በ4 ባለ 10 ሚሊ ፊሸር ይሰቅሉ፤ ማሰሪያዎቹ ኮምፔንሳቶ እንዲሆኑ የተባለውም ለዚህ ነው። ከግድግዳው ጋር 5 ሚሊ የሚሆን ክፍተት እንዲኖር ከማሰሪያው ኋላ የፕላስቲክ ማራቂያ ያስገቡ፤ የግድግዳው ጤዛ ቦርዱን እንዳይነካው።

ሲሊኮን በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ብቻ ስለሚደርቅ ውሃውን ከ24 ሰዓት በፊት አይክፈቱ። ከከፈቱ በኋላ ሲፎኑ ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፈው እስከ ማግስቱ ይተዉ፤ ጠብታ ካለ ቦርዱ ሳያውቅ ወረቀቱ ይነግርዎታል።

ወደፊት አንድ ጠርዝ ማበጥ ከጀመረ በላዩ ቀለም መቀባት እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል። ምንጩን ያቁሙ፣ መዝጊያዎቹን አውልቀው ሁለት ሳምንት ያድርቁት፣ ያበጠውን ታችኛ 5 ሴንቲ ሜትር በመጋዝ ቆርጠው ጥለው አዲሱን ጠርዝ በ6ኛው ክፍል እንደተባለው ዝጉት፤ የጎደለውን ቁመት በፕላስቲክ እግር ወይም በአሉሚኒየም መከለያ ይሙሉት።